ፎገራና ወረታ፦ የባህሎች መገናኛ የሆነ ሜዳ

የፎገራ ሜዳ በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ ምድር ነው። የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ይህ መስቀለኛ ስፍራ ለዘመናት የልዩ ልዩ ሃይማኖት፣ ቋንቋና ሙያ ባለቤቶች የተገናኙበት፣ የተጋጩበትና አንዱ ከሌላው የወረሰበት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ታሪክ ዋና ዋና ምዕራፎች፣ ዛሬ የደረሰበትን ሁኔታ፣ እንዲሁም ዜጎች ስለ ቅርስ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል።

ምድሩና ውኃው

ከምሥራቅ ደጋ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ከዳራቸው ሲያልፉ፣ ሐይቁም ሲሞላ፣ ሰፊው መሬት በውኃ ይሸፈናል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ለምለም ሣርና እርጥበት ያዘለ ጥቁር አፈር ይተዋል። ይህ የውኃ መምጣትና መሄድ የአካባቢውን ኑሮ ወስኗል። ደገኛው ለእርሻና ለግጦሽ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ የሐይቅ ዳር ነዋሪው በዓሣና በደንገል ይተዳደራል፤ ነጋዴው በበጋ መንገዱን ይይዛል። ውኃው ሲያይል ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል።

ንግድ ያገናኛቸው ማኅበረሰቦች

ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ በነበረችባቸው ዘመናትና ከዚያም በኋላ፣ ከጣና ምሥራቅ ያሉ ገበያዎች የሩቅ አገር ሸቀጥ መለዋወጫ ነበሩ። ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው፣ ከምጽዋ የሚገባው ጨርቅ፣ ከደቡብ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በእነዚህ መንገዶች ተላልፏል። በሜዳው ሰሜን ይፋግና ደሪጣ፣ በደቡብ በሐይቁ ዳር ቆራጣ ስመ ጥር የንግድ ስፍራዎች ነበሩ። ከሩቅ አገር ንግዱ አብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ስለነበረ፣ ክርስቲያኑ ገበሬና ሙስሊሙ ነጋዴ ያለ አንዱ ሌላው የማይዘልቅ ጉርብትና መሠረቱ። ገበሬው እህሉንና ከብቱን ያቀርባል፤ ነጋዴው ጨውንና ጨርቅን ያመጣል። አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበረ የነጋዴው ሸቀጥ ለገበሬው መገበያያም ነበር።

ይህ ጉርብትና እኩልነት የሰፈነበት ነበር ማለት ግን አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተካሄደ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወስኗል። መሬት የመውረስ መብት የተነፈጉት ወገኖች በእደ ጥበብና በንግድ ጸንተው ቆዩ። ቤተ እስራኤል በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በግንበኝነት፣ ሙስሊሞች በንግድና በሽመና ሙያቸው ታወቁ። መገለሉ ጉዳት ቢሆንም፣ የገለላቸው ማኅበረሰብ ራሱ ያለ ማረሻቸው፣ ያለ ማሰሯቸውና ያለ ጨርቃቸው መኖር አልቻለም።

ጦርነቶችና ትተውት ያለፉት

አካባቢው የከባድ ጦርነቶች መንገድም ነበር። በ1535 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋል ወታደሮች ቅሬታ ጋር ሆነው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ገጠሙ። ኢማሙ በዚህ ውጊያ ሕይወታቸው አለፈ። በ1533 ዓ.ም. ከመጡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን የተረፉት ብዙዎቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ኢትዮጵያውያት አግብተው፣ ልጆች ወልደው እዚሁ ቀሩ።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን መነኮሳት ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀርበው አፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት አስቀበሉ። ንጉሡ ለውጡን በሥልጣን ለመጫን ሲነሡ ግን አገሪቱ ተከፈለች። ከላስታ አማፅያን ጋር ከተደረገው ደም አፋሳሽ ውጊያ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም መነኮሳቱን ከአገር አስወጡ።

መነኮሳቱ ቢሄዱም የግንባታ ጥበብ አልሄደም። ከሜዳው በስተሰሜን፣ በእንፍራዝ አጠገብ የሚገኘው የጉዛራ ቤተ መንግሥት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከነበሩት ከአፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ይያያዛል። በኋላም በጎንደር የታነጹት አብያተ መንግሥታት የአገሬውን ባለሙያ እጅ፣ የዐረብና የህንድን ስልት፣ ከአውሮፓ የመጣውንም ንድፍ በአንድነት ይዘዋል። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተጠቀሱት እሴቶች አንዱ ይኸው ውሕደት ነው። በጦርነት የተጀመረ ግንኙነት በኖራና በድንጋይ ታትሞ መቅረቱ በዚህ ይታያል።

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የኦሮሞና የየጁ መሳፍንት በቤጌምድር ፖለቲካ ውስጥ ጎልተው ወጡ። በአፄ ኢዮአስ ዘመን (1747–1761 ዓ.ም.) በንጉሡ እናት ወገኖች አማካይነት ኦሮምኛ በጎንደር ቤተ መንግሥት ይሰማ ነበር። ከወረታ በስተምሥራቅ የምትገኘውን ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጓት ከየጁ የተነሡ ራሶች ናቸው። እነዚህ መሳፍንት ከመካከለኛው አገር ሕዝብ ጋር በጋብቻ፣ በሃይማኖትና በቋንቋ ተዋሕደዋል።

ነገደ ወይጦ፦ ታንኳውን ያወረሰ፣ ቋንቋውን ያጣ ማኅበረሰብ

በጣና ዳርቻ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታሪክ የባህል መወራረስን ትሩፋትም ጉዳትም አብሮ ያሳያል። ከደንገል ታንኳ የመሥራት ጥበብ የዚህ ማኅበረሰብ መታወቂያ ነው። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፤ እየታሰረ ይገጣጠማል፤ ረጅምና ቀላል ጀልባ ይሆናል። በዚህ ታንኳ የክርስቲያን ገዳማት መነኮሳት ወደ ደሴቶቻቸው ተመላልሰዋል፤ ነጋዴው እህልና ማገዶ አሻግሯል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ዘርግቷል።

ነገር ግን ጥበቡን የተጠቀመው ጎረቤት ባለጥበቡን እንደ እኩያው አላየም። ማኅበረሰቡ ጉማሬ አድኖ ይመገብ ስለነበረ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮት ከመብላትና ከመጋባት ይርቅ ነበር፤ ራሱ ሙስሊም ነኝ ቢልም በሌሎች ሙስሊሞች ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ ኖሯል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ማኅበረሰቡ የራሱ ቋንቋ እንዳለው ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የመጡ አጥኚዎች ግን ያገኙት አማርኛ ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። ቋንቋው በጽሑፍ ሳይመዘገብ ጠፍቷል። የእርሻ መሬት ወደ ሐይቁ እየገፋ ደንገሉን ሲመነጥር፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እንቦጭ አረም ሐይቁን ሲወርር፣ የታንኳ ጥበብም በተመሳሳይ አደጋ ላይ ይገኛል።

የፎገራ ከብትና ሩዝ

የፎገራ ከብት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ሲሆን፣ በወተት ሰጪነቱና በጉልበቱ ይታወቃል። ባለሙያዎች ዜንጋ ከሚባለው ምድብ ያስቀምጡታል፤ ይህም የዘቡና የሳንጋ ከብቶች ውሕደት ነው። የሜዳው መታወቂያ የሆነው ከብት ራሱ የመቀላቀል ውጤት ነው ማለት ነው።

ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በአካባቢው ረግረግ ዱር በቀል ሩዝ መታየቱ ሰብሉ ሊለማ እንደሚችል አመላከተ፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም በደራ ወረዳ በጅግና እና በፎገራ ወረዳ በሻጋ ከነበሩ የገበሬ ማኅበራት ጋር ማልማት ጀመሩ። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሰብሉን ገበሬው ራሱ ይዞ አስፋፋው። እስከ ዛሬ በስፋት ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ የሚጠራው በጅግና ስም ነው። ውኃ የተኛበት መሬት ቀድሞ ለሣር ብቻ ይውል ነበር፤ አሁን የእህል ማሳ ሆኗል። ወረታም የሩዝ መፈልፈያዎችና የነጋዴዎች ከተማ ሆናለች። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም በዚሁ በፎገራ ነው።

ሩዙ በሩቅ ምሥራቅ እንደሚበላው ሆኖ አልቀረም። የፎገራ እናቶች ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት፤ ለጠላና ለአረቄም አዋሉት። ማሳው ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ገለባው ለከብት መኖ ይሆናል።

የዛሬው ፈተና

የሩዝ መስፋፋት የብዙ ቤተሰብን ገቢ አሻሽሏል፤ የወል ግጦሹን ግን አጥብቧል። መኖ ሲያንስ የፎገራ ከብት ቁጥር ይቀንሳል፤ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር መዳቀሉም ይበዛል። ዝርያውን ለመጠበቅ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና በመተከል የከብት ማራቢያ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። እንደ ሸሸርና ወለላ ያሉ ረግረጋማ ስፍራዎችም ሲታረሱ አእዋፍ ማረፊያቸውን፣ የሐይቅ ዳር ነዋሪዎች ደግሞ ደንገላቸውን ያጣሉ። ስለዚህ በፎገራ ስለ መሬት አጠቃቀም የሚደረግ ውሳኔ የምርት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትኛው የኑሮ ዘይቤ እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚቋረጥ የሚወስን ነው።

ዜጎች ሊያውቁት የሚገባ

የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቋንቋቸውንና ባህላቸውን የማሳደግ፣ ታሪካቸውንም የመንከባከብ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ የሚከተሉትን ያመለክታል።

• ቅርስ ሲባል ሕንፃ፣ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ታንኳ አሠራር ያለ በእጅ የማይዳሰስ ዕውቀትም ይጨምራል።
• ማንኛውም ሰው በእርሻ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በአጋጣሚ ጥንታዊ ነገር ሲያገኝ ወዲያውኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ መጠበቅ አለበት። ለአካባቢው ነዋሪ ቅርቡ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው።
• ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት፣ ወይም በግል እጅ የሚገኝን ቅርስ ያለ ፈቃድ መጠገን ክልክል ነው።

በእጅ የማይዳሰስ ቅርስ ጥበቃ ከሁሉ አስቀድሞ ምዝገባ ያስፈልገዋል። የሽማግሌዎችን ትረካ፣ የእደ ጥበብ አሠራርንና የአካባቢ ስያሜዎችን የሚያውቁ ነዋሪዎች ባለሙዎቹ በሕይወት ሳሉ ለጽሕፈት ቤቱ ቢያሳውቁ፣ በነገደ ወይጦ ቋንቋ ላይ የደረሰው ዓይነት ጥፋት እንዳይደገም ይረዳል።