ዘፋኝ ያላስፈለገው ዘፈን

እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባን ቀይ ሽብር ይንጣት ነበር። ሰዓት እላፊ ከገባ ሂልተን ሆቴል ያመሸ ሰው ሳይነጋ አይወጣም፤ በሆቴሉ የሚጫወተው ዋልያስ ባንድም ሳይነጋ አያርፍም። የዜማ ግጥም ሁሉ በሳንሱር እጅ ያልፋል። በዚያው ዓመት ባንዱ በካይፋ ሪከርድስ «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ አሳተመ። ሸክላ በካሴት ሊተካ አንድ ሐሙስ የቀረው ጊዜ ነበር።

ከሸክላው ተነጥሎ ዓለምን የዞረው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። የደረሰው ግርማ በየነ ነው። ግጥም የለውም። ቤዝና ድራሙ አንዲት ምት ይዘው ሙጭጭ ይላሉ፤ ኦርጋኑና ነፋሾቹ ከላይ ይቀባበላሉ።

«ኢትዮጵያዊ ግጥም ካልሰማ ሙዚቃ አይጥመውም» የሚል ወሬ አለ። የደጋ ሰው ወሬ ይመስለኛል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ደራሼዎች ፊላ የሚባለውን የቀርከሃ ዋሽንት ሲነፉ እያንዳንዱ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ ዜማው በቅብብል ይሠራል። በሸክላው ላይ ቫይብራፎን የመታው ሙላቱ አስታጥቄ የደራሼዎችን ሙዚቃ ሲያነሳ አይጠግብም። እሱ ራሱ በ1943 የተወለደው ጅማ ነው።

ባንዱ በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሄደና ተበተነ። ግርማና ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ያዘ። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር።

ዜማው ግን ባለቤቶቹን አልጠበቀም። በ1998 ዳክታሪስ የተባሉ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች ተጫወቱት፤ ያውም የ70ዎቹ የናይጄሪያ ባንድ መስለው! በ2006 ደግሞ የሆላንዱ የፓንክ ሮክ ባንድ ዘ ኤክስ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ጋር በኤሌክትሪክ ጊታር አናወጠው። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከአንደበት ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነው፤ ለዚህ ዜማ ከእሱ የተሻለ አጃቢ ከየት ይመጣል? ዘ ኤክስም አማርኛ አላስፈለጋቸውም።

በ2014 «ቸ በለው» እንደገና ታተመ። ኃይሉ ያኔ ወደ መድረክ ተመልሶ አውሮፓን ይዞር ነበር፤ ዋሽንግተን ሲገባ ግን ታክሲውን ይነዳ ነበር።