ባሕር ዛፍና የአዲስ አበባ ምድጃ

የብርድ መድኃኒቱ እሳት ነው። እሳት ግን ዋጋ አለው። ይህን ዋጋ መክፈል አቅቷት ከቦታዋ ልትነቀል ጥቂት ቀርቷት የነበረች ከተማ አዲስ አበባ ናት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጦጦ ነው። እንደሚታወቀው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን ያደረጉት እንጦጦ ላይ ነበር። ቦታው ዙሪያውን አሻግሮ ስለሚያሳይ ጠላትን ለመከላከል ይመቻል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል በመሆኑ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ነፋሱም ፋታ አይሰጥም። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ የሚገኘውን ፍልውሃ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. በአጠገቡ ቤት ተሠራላቸው፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ። ስለዚህ ከተማዪቱ ሙቀት ፍለጋ የተቆረቆረች ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባም ቢሆን ደጋ ናት። በክረምት እርጥበቱ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ቁር አይጣል ነው። የያኔው ሰው ብርዱን የሚከላከለው በሚያውቀው ዘዴ ነበር። ቤቱ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ ምድጃውም መካከል ላይ ነው። ጭሱ በሣሩ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ሙቀቱ ይቀራል። ከብት ያለው ከብቱን ማታ ከቤት ያስገባል፤ የከብት ትንፋሽ ያለ ማገዶ ያሞቃልና። የቀረውን ጋቢና ቡሉኮ ይሸፍነዋል፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለው።

ወጡ የሚሠራው፣ እንጀራው የሚጋገረው፣ ቤቱ የሚሞቀውና ማታም ብርሃን የሚገኘው ከዚያው ከምድጃው ነበር። ስለዚህ የሚፈጀው እንጨት ብዙ ነው። ለቤት መሥሪያና ለአጥርም እንዲሁ እንጨት ይፈለጋል። በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ እየተቆረጠ አለቀ። ከተማዪቱ በተቆረቆረች በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ ኮረብታዎቹ ተራቆቱ፤ ማገዶ የሚገኝበት ሥፍራ ከቀን ወደ ቀን እየራቀ ሄደ፤ ዋጋውም ተወደደ።

ለዚህ የቀድሞ ነገሥታት መፍትሔ የታወቀ ነበር። እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ደን ወዳለበት ይኬዳል። አፄ ምኒልክም ይህንኑ አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ቦታ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ቦታውም አዲስ ዓለም ተባለ። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተዋል። የድንጋይ ቤት እንደ ድንኳን ተጠቅልሎ አይጫንም።

ከተማዪቱን በቦታዋ እንድትቆይ የረዳት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ዘሩን በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ አገር በማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ከጽድና ከወይራ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቁርጥ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ችግኙን እንዲተክል አበረታቱ። ባለርስቱ ትርፉን ሲያይ ራቁቱን የነበረውን ኮረብታ ሁሉ አለበሰው። ዋና ከተማውን የማዛወሩም አሳብ ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም ተብሎ ዛሬም ይወቀሳል። ወቀሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ድኻው ቤቱን ያሞቀው በእርሱ ነው። ግንዱን መግዛት ያልቻለ ቅጠሉን ገዛ። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቶሎ ይነዳል፤ ለእንጀራም ይመቻል።

ይህ ርካሽ እሳት ግን ለሁሉም ርካሽ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች ሲወጡ የባለርስቶቹ ደን የመንግሥት ሆነ፤ ጥበቃም ቆመበት። ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ የምትሸጥ ሴት በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ተባለች። እርሷ ግን ልጆቿን የምታበላበት ሌላ ሥራ ስላልነበራት መሄዷን አላቆመችም። ሳይነጋ እንጦጦ ወጥታ፣ ዘበኛ ሸሽታ፣ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ ትወርዳለች። የከተማው ሙቀት ከጀርባዋ ላይ ነበር።

ከምኒልክ ዘመን የተገኘው ትምህርት ብዙ መትከል ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ጥቂት ማንደድ ሆነ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በከንቱ ይባክናል። በ1980ዎቹ ለከሰል ላቀች፣ ለእንጀራም ምርጥ የተባሉ ምድጃዎች ወጡ። ላቀች ከተለመደው የከሰል ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች፤ ምርጥ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። በዚያው ዘመን ከእንጨት ተሸካሚዎቹ ጥቂቶቹ ማኅበር አቋቁመው የሽመና ሥራ ያዙ። ትናንት ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ዛሬ ሰው የሚለብሰውን ይሠራሉ።

በስደት የሚኖረው ወገን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አሮጌው የሣር ቤት ጭሱን ያስወጣ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ቤት ግን ብርድ እንዳይገባ የተደፈነ ነው። የማሞቂያ ሒሳብ በዛ ብሎ በቤት ውስጥ ከሰል ማያያዝ፣ ወይም የቡናውን ፍም ትቶ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። በአገር ቤትም የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃው ግድግዳ በብሎኬት ከተተካ ወዲህ ይኸው አደጋ አለ። ከአባቶች መውረስ የሚገባው ጋቢውንና ቡሉኮውን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈኑን፣ ቤተ ሰቡ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ማምሸቱን ነው።

እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ሆኖ ተመርቋል። የከተማው ሰው ለሽርሽር ይወጣል። ከባሕር ዛፉ ሥር ሲያርፍ ያ ዛፍ አዲስ አበባን በቦታዋ እንዳቆያት፣ ቅጠሉንም እስከ ከተማ ያወረዱት ሴቶች እንደነበሩ ቢያስታውስ መልካም ነው።