አቧራው የት ላይ ነው? የዓድዋን ዘማች በትንሽ ምስል መሥራት

በበጋ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስታችሁ ወደ እንጦጦ በእግር ከወጣችሁ፣ ስትመለሱ ጫማችሁንና ሱሪያችሁን ተመልከቱ። ቀላ ያለ አቧራ ይዘዋል አይደል? ከታች ብዙ ነው፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጉልበት ጋ ሲደርስ የለም ማለት ይቻላል። ትንንሽ የወታደር ምስሎችን የሚቀቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚማሩት ይህንን ነው።

የጦርነት ጨዋታ በጠረጴዛ ላይ መጫወት የቆየ ነገር ነው። የፕሩሲያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1824 ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ አድርጎታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚጫወቱበትን ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ብዙ ሠሪዎች ምስሎቹን ቀብተው ሲጨርሱ ሆን ብለው ያቆሽሿቸዋል። በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም የልብሱ እጥፋት ውስጥ ያስገባሉ፤ ቀለሙ ተጠርጎ የደረቀ ብሩሽ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያሻሉ፤ ጭረቱን ደግሞ በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ ያደርጋሉ።

እስቲ አንድ የዓድዋ ዘማች እንሥራ። የክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ውጊያው የተካሄደው የካቲት 23። መሃሉ አምስት ወር ነው። አብዛኛው ሰው የዘመተው በእግሩ፣ ያውም በባዶ እግሩ ነው። ስለዚህ ሸማው እንደ በዓል ልብስ ነጭ ሊሆን አይችልም። ግን ቆይ፣ ጭቃ እንዳትለቀልቁት! የካቲት የበጋ ወር ነው። የሚያስፈልገው አቧራ ነው፤ እሱም ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ እየሳሳ።

ጋሻውንስ? ዝገት አትቀቡት፤ የተሠራው ከቆዳ ነው። ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ይላጣል እንጂ አይዝግም። የነሐስ ጌጥ ካለው ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ነገር ይይዛል። የሚዝገው የጦሩ ብረትና የጠመንጃው አፈሙዝ ነው። የጠመንጃው እንጨት ደግሞ እጅ በሚያርፍበት ቦታ በላብ ይጠቁራል።

የሚገርመው፣ ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገውም ዝገትን ዝገት የሚያስመስለውም የብረትና የኦክስጅን ውህድ ነው። ቀለማቸው ዘመዳሞች ናቸው። ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? በቦታቸው። እግር ላይ ከሆነ መንገድ ነው፤ የጦር ጫፍ ላይ ከሆነ እርጥበት ነው። በተሳሳተ ቦታ የተቀባ ጭረት ያልሆነ ታሪክ ያወራል።

የኛ ባህላዊ ሠዓሊዎች ግን ሌላ መንገድ መርጠዋል። በዓድዋ ሥዕሎች ላይ ደም አለ፣ የወደቀ ሰው አለ፤ ልብሱ ግን ብዙውን ጊዜ ብሩህ ነው። ኢትዮጵያውያኑ በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይሳላሉ። ሥዕሉ ማን ከማን ጋር እንደቆመና ድሉ ምን ማለት እንደሆነ ይነግረናል። ወደዚያ ድል ስንት ቀን በእግር እንደተሄደ ግን አይነግረንም። እሱን ልንጨምር የምንችለው በአቧራው ነው።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሙዚየም ውስጥ የዘመኑ ዕቃዎች ይገኛሉ። ስትሄዱ ወርቁን ብቻ አትዩ። የቱ ጠርዝ እንደተበላ፣ የቱ እጀታ እንደጠቆረ ፈልጉ። ብሩሻችሁን የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው።