በረኛና ሳቅ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አዘጋጆች ከእኛ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፣ ስለ ዓባይና ስለ በለስ ወንዝ ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ስለ በረኛ እጽፋለሁ ባልኩ ጊዜ ግን ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ሳቁንም በደስታ ተቀበልኩት፤ ልጽፍ ያሰብኩት ስለዚሁ ስለ ሳቅ ነበርና።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። የታችኛውን ክፍል የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ ትሕትናን ከፊደል ጋር አብሬ ቆጥሬአለሁ። ስለዚህ በኳስ ሜዳ ላይ የሚዘልና የሚያስቅ፣ ራሱን ለተመልካች የሚያሳይ በረኛ ስመለከት ቅር ይለኝ ነበር። ሰው የተሰጠውን ሥራ በጸጥታ ቢሠራ ምን አለበት እል ነበር። ይህ አሳቤ ስሕተት መሆኑን እንዴት እንደ ተረዳሁ ለአንባቢ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በረኛ ማለት ከ11 ተጫዋቾች መካከል ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። የልብሱ ቀለም እንኳ ከጓደኞቹ ይለያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863 በእንግሊዝ አገር የወጣው የመጀመሪያው የእግር ኳስ ማኅበር ሕግ በረኛ የሚባል ሰው አያውቅም ነበር፤ በሕግ ተለይቶ የታወቀው በ1871 ነው። እስከ 1912 ድረስ በራሱ ቡድን የሜዳ ክፍል ውስጥ በፈለገው ስፍራ ኳስን በእጁ መያዝ ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህ መብቱ በቅጣት ክልሉ ብቻ ተወሰነ። የሚጠብቀው በር ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ላይ ሲሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን መንገድ የምትፈጀው በ0.4 ሴኮንድ ገደማ ነው። አሥሩ ጓደኞቹ ቢሳሳቱ ከኋላቸው ሌላ ሰው አለ፤ እርሱ ቢሳሳት ግን ከኋላው ያለው መረብ ብቻ ነው። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የተባለው ለበረኛ የተነገረ ይመስላል።

መልካም ሲሠራስ ምን ያገኛል? የራሳችንን አገር ታሪክ እንመልከት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛ ልጆችም ሁለት ጊዜ ደርሰው 90ው ደቂቃ 2 ለ 2 አለቀ። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውንም ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ቀን ኳስ የሚወድ ሰው ቢጠየቅ መንግሥቱን ይጠራል፤ ሁለቱን ወንድማማች ቫሳሎዎችንም ይጠራል። በረኛው ማን ነበር ሲባል ግን አብዛኛው ዝም ይላል። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። በመደበኛው ሰዓት ሁለት ጎል ከገባበት በኋላ በተጨመረው 30 ደቂቃ በሩን ዘግቶ የዋለው እርሱ ነው።

እንግዲህ ሕዝብ በቃሉ የሚያስታውሳቸው በረኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክፉ ስሕተት የሠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ያሳቀ ነው። ስለ ሁለተኛው ለመናገር አንባቢን ወደ ከተማችን ወደ ግልገል በለስ እመልሳለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰች ጊዜ እኔ የ5 ዓመት ሕፃን ነበርኩ። ስለዚህ የምጽፈው ታላቅ ወንድሜ ደጋግሞ የነገረኝንና በኋላም በተቀረጸው ፊልም ያየሁትን ነው። የእኛ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታ ጥር 13 ቀን ነበር፤ ይኸውም ከዚያ ታላቅ ቀን ልክ 51 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የከተማችን ሰው ግን ቸኩሎ ከዋዜማው ጀምሮ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። በዋዜማው፣ ጥር 12 ቀን፣ የሚጫወቱት ጋናና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነበሩ። ጋና 2 ለ 0 መራች፤ ኮንጎዎች አንድ መለሱ፤ ከዚያም በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን መልሰው አቻ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ካሜራው ጎል ያገባውን ትቶ ወደ ኮንጎው በረኛ ዞረ። ሰውየው ሣር ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በእጁ ሳይደገፍ በመቀመጫው ብቻ እየነጠረ ወደ ፊት ይሄዳል። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ወንድሜ እንደሚለው ብርጭቆ የተሰበረበትም ሰው ነበር። ይህ በረኛ ሮበር ሙቴባ ኪዲያባ ይባላል።

በማግሥቱ ሳቁ ቀረ። ዛምቢያ በፊተኛው ዓመት ዋንጫውን የወሰደች አገር ናት። ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛዋ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ትንሽ ቆይቶ የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም ከዕረፍት በፊት ጎል አገባች። ሆኖም አሥር ሰው ብቻ የቀረው ቡድናችን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው በመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ደግሞ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ ተቀያሪ ስላልቀረ፣ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በበሩ ቆመ። የበረኛን ብቸኝነት ለማወቅ የፈለገ ሰው ይህን ትዕይንት ያስታውስ።

ወደ ኪዲያባ ልመለስ። ይህ ሰው የሉቡምባሺው የቲ.ፒ. ማዜምቤ ክለብ በረኛ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ክለቡ የአፍሪካ አሸናፊ ሆኖ በአቡ ዳቢ በተደረገው የዓለም ክለቦች ዋንጫ ተካፈለ። ታኅሣሥ 1 ቀን የሜክሲኮውን ፓቹካን 1 ለ 0፣ ታኅሣሥ 5 ቀን ደግሞ የብራዚሉን ኢንተርናሲዮናልን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያን ቀን በፊት ከአውሮፓና ከደቡብ አሜሪካ ክለቦች በቀር ወደዚህ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ አልነበረም። በፍጻሜው በጣሊያኑ ኢንተር ሚላን 3 ለ 0 ቢሸነፉም፣ በሩቅ አገር ሰው ዘንድ የቀረው የኪዲያባ መንጠር ነው። ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ በብራዚሉ ጨዋታ በረኛው መጀመሪያ በሩን ዘግቶ ከዋለ በኋላ ነው የነጠረው። ሳቁ የመጣው ከሥራው በኋላ እንጂ በሥራው ፈንታ አይደለም። ጥር 30 ቀን 2007 ዓ.ም. አገሩ በአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ደረጃ ተጫውታ ኢኳቶሪያል ጊኒን በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 2 ስትረታ እርሱ 39 ዓመት ሞልቶት ነበር።

የማሳቅ ጠባይ ለበረኛ መሣሪያም ይሆናል። በዚምባብዌ ያደገው ብሩስ ግሮበላር በ1976 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ሊቨርፑል ሲጫወት በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በሮማ ከተማ ከሮማ ክለብ ጋር ተገናኘ። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄድ፣ ግሮበላር ጉልበቱ እንደ ከዳው ሰው እግሮቹን ያብረከርክ ጀመር። መቺው ፍራንቼስኮ ግራዚያኒ ኳሷን ወደ ላይ ሰደዳት፤ ሊቨርፑልም አሸነፈ። ከ21 ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. የሊቨርፑሉ ዬርዚ ዱዴክ በኢስታንቡል ይህንኑ ብርክርክታ ደግሞ ሚላንን ረታ። አባት ለልጅ እርሻ እንደሚያወርስ በረኛም ለበረኛ ጨዋታ አወረሰ።

ዳሩ ግን ዋጋ የማያስከፍል ሳቅ የለም። የኮሎምቢያው ሬኔ ኢጊታ ከበሩ ርቆ ወጥቶ በእግሩ መጫወት ይወድ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በጣሊያን በተደረገው የዓለም ዋንጫ የካሜሩኑ ሮዤ ሚላ ኳሷን ከእግሩ ነጥቆ ባዶ በር ውስጥ አገባት፤ ኮሎምቢያም 2 ለ 1 ተሸንፋ ወጣች። ኢጊታ ግን ጠባዩን አልለወጠም። በ1987 ዓ.ም. በለንደን ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወት ወደ ፊት በግንባሩ ተዘርግቶ፣ በሁለት ተረከዙ ከጀርባው በላይ ኳሷን እንደ ጊንጥ መትቶ መለሳት። በተሳሳተበት ነገር ደግሞ ለመድፈር የማይፈራ ሰው ብርቱ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚቀርበኝ በረኛ እመጣለሁ። በዚያ በጥር 12 ቀን በሻይ ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ልጆች መካከል አንዱ በኋላ የትምህርት ቤታችን በረኛ ሆነ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ «በረኛችን» እለዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. እኔ የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ እርሱ እንደ ዛሬው እንደ እኔ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ነበር። የሜዳችን በሮች ከቀርከሃ የተሠሩ ነበሩ፤ ሣር በክረምት እንጂ በበጋ አይታወቅም። እርሱ ግን ቡድኑ ጎል ባገባ ቁጥር በዚያ አቧራ ላይ ተቀምጦ እንደ ኪዲያባ ይነጥር ነበር። የሱሪው መቀመጫ በሦስት ዓይነት ጨርቅ የተጣፈ ነበር። እናቱም አንድ ቀን ከሜዳው ዳር ቆመው «ጎል ያገባው ሌላ፣ ሱሪ የሚቀደደው የእኔ ልጅ!» ብለው ሲጮሁ ዳኛው ሳይቀር ሳቀ።

እኛ ትንንሾቹ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደ ነጠረ እንቆጥር ነበር። ጉሙዙ በጉሙዝኛ፣ ሺናሻው በሺናሽኛ፣ አገው በአገውኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ አማራው በአማርኛ ይቆጥራል። አንዳችን የሌላውን ቁጥር የለመድነው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በዚያ ሜዳ ዳር ነው። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ በአራት ቋንቋ እስከ አሥር መቁጠር የምችለው በበረኛችን ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ በመተከል የሆነው የታወቀ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየባሰ በሄደው ግጭት፣ በተለይም በ2013 ዓ.ም.፣ ከየወገኑ ብዙ ሰው ሕይወቱን አጣ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ወደ ቻግኒና ወደ ሌላም ስፍራ ተሰደደ። ከሜዳው ዳር አብረን እንቆጥር ከነበርነው ልጆች አንዳንዶቹ እስከ አሁን አልተመለሱም፤ አንዳንዶቹም ከቶ አይመለሱም። በረኛችንም ከተሰደዱት አንዱ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በክልሉ መንግሥትና በጉሙዝ ታጣቂዎች መካከል የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ኑሮ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪዎች ከእኛ ጋር እንዲጫወቱ በተደረገ ጊዜ በረኛችን መጣ። ወፍሯል፤ ፊቱም ጠቁሯል። ተመልካቹ በየወገኑ ተለይቶ ቆሟል፤ እንደ ድሮው የተቀላቀለ የለም። የመጀመሪያዋ ኳሳችን በእግሮቹ መካከል አልፋ ገባች። የሳቀ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ዞር ብሎ ለመረቡ እንደ ትልቅ እንግዳ እጅ ነሣና ኳሷን አወጣት። ከወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። የእርሱ ቡድን አቻ ባደረገ ጊዜ ደግሞ ያ ከባድ ሰውነት አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ መንጠር ጀመረ። በመጀመሪያ አንድ ልጅ በጉሙዝኛ ቆጠረ። ሁለተኛውን በአማርኛ ሌላው ቀጠለ። አምስት ላይ ሲደርስ ሜዳው በሙሉ ይቆጥር ነበር። እኔም ቆጠርኩ፤ ነገር ግን የጎደሉትን ድምፆች ሰማሁ።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቀርቤ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ካየህ በኋላ እንዴት መሳቅ ቻልክ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጓንቱን እያወለቀ፣ «ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም? እኔም ፈርቼ ነበር። ግን በረኛ ሲፈራ ከፊቱ ያሉት አሥሩ ሁሉ ይፈራሉ። ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ስለሚጫወቱ ፊቴን አያዩም፤ ሕዝቡ ሲስቅ ግን ይሰማሉ፤ ያን ጊዜ በረኛው ደኅና ነው ይላሉ» አለኝ።

ያን ቀን የቀድሞ አሳቤን ተውኩ። በበር ላይ የሚቆም ሰው የሚያስቀን ፍርሃት ስለሌለበት እንዳይመስለን፤ ፍርሃቱን ለብቻው ይዞ ለእኛ ሳቁን ስለሚያካፍለን ነው። ይህም ራስን ማሳየት ሳይሆን አገልግሎት ነው።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የምትማሩ ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጎል ያገቡትን ስም በትምህርት ቤታችን ታሪክ ውስጥ ስትጽፉ በአጠገቡ የበረኛውንም ስም ጻፉ። በረኛውም በሜዳችን አቧራ ላይ ቢነጥር፣ ከአጠገባችሁ የቆመው ልጅ በሚቆጥርበት ቋንቋ እናንተም ቁጠሩ።