ከአባት ሙያ እስከ ልጅ እንጀራ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣

አንድ አባል ሲያርፍ ድንኳን ተክለን፣ ቀብረን፣ ሐዘንተኛውን አስተዛዝነን እንመለሳለን። ከሠልስቱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን የልጆቹ እንጀራ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። አባባሉ በሥራ ላይ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ከታሪክ ጥቂት እንመልከት።

ጥንት የእጅ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር። የሸማኔ ልጅ ድርና ማግ እያቀበለ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ወናፍ እየነፋ አድጎ ያንኑ ይይዛል። ታዲያ ሙያው ሲወረስ ስድቡም አብሮ ይወረስ ነበር፤ ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ። ይሁን እንጂ ስድቡ ወዲያው አልጠፋም፤ ብዙ ልጅ የአባቱን ሙያ የተወው ሠርቶ ማደር ጠልቶ ሳይሆን ስሙን ፈርቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ በር ተከፈተ። በጠላት ወረራ ዘመን መኪናና ጋራዥ በረከቱ፤ «ጎሚስታ»፣ «ፍሪሲዮን» የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ መምጣታቸው ይህንኑ ያስረዳል። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ደግሞ ሙያ ከአባት ብቻ ሳይሆን ከመምህርም የሚገኝ ሆነ።

ደመወዝተኛው ለልጁ የሚያወርሰው ትምህርት ነው። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ድንጋጌ ለሟች የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች አበል ሰጠ እንጂ ወንበሩን አላወረሰም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ በኪራይ የሚያድር ቤተሰብ ልጆችም ውርሳቸው ቀረ። በዚያው በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ወጣት መንግሥት ራሱ ይመድበው ስለ ነበር «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ረገብ ብሎ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ሲቀር ጥያቄው ተመልሶ መጣ።

የባለ ሱቅ ልጅ የሚወርሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ደንበኛውን፣ በዱቤ የሚያምነውን አከፋፋይ፣ ኪሳራን ችሎ ማደርን ጭምር ይወርሳል። የቀን ሠራተኛ ልጅ ይህ የለውም። ነገር ግን ከሌላ ሰው ሊያገኘው ይችላል፤ በመርካቶ ስንቱ የጉራጌ ልጅ ከገጠር ባዶ እጁን መጥቶ፣ በዘመዱ ሱቅ ተላላኪ ሆኖ ንግድን ተምሮ ለራሱ ቆሟል!

እንግዲህ እዚህ ላምበረት ጎሚስታ፣ ልብስ ሰፊ፣ ባለ ሱቅ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሟች አባላችንን ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ሙያ ብታስተምሩ ከመዋጮአችን የበለጠ ውለታ ነው። መዋጮው ለቀብር ይበቃል፤ ሙያ ግን ዕድሜ ልክ ያበላል።

ቸር ያሰንብተን።