የላም ወተት ስለበላችው መኖ ምን ያህል ይመሰክራል? የኢንፍራሬድ ትንበያና የተዘነጋው የሰውነት ክብደት

አንዲት የወተት ላም በቀን ስንት ኪሎ መኖ እንደምትበላ ማወቅ ቀላል ይመስላል፤ የቀረበላትን መዝኖ የተረፈውን መቀነስ ነው። ሥራው ግን ለእያንዳንዷ ላም የራሷን ግርግም፣ ትራፊውን በየማለዳው የሚመዝን ሰው፣ የመኖውን እርጥበት አድርቆ የሚለይ ምድጃ ይጠይቃል። ከምርምር ጣቢያ ውጪ ይህን የሚችለው ጥቂት ነው። በግጦሽ የምትውል ላም ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። የወተት ሳይንስ ሰዎችን ያጓጓው ሐሳብ ከዚህ ችግር የተወለደ ነው፦ ለቅባትና ለፕሮቲን ምርመራ የሚወሰደው የወተት ናሙና በመካከለኛ ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲታይ የሚሰጠው ስፔክትረም የላሚቱን የመኖ ፍጆታም ይናገራል የሚል ሐሳብ።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። ስፔክትረሙ የሚያነበው ነገር አለ፤ ያን ነገር የመኖ ፍጆታ ብሎ መጥራት ግን ስህተት ነው እላለሁ።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ይበቃል። ብርሃኑ በወተቱ ውስጥ ሲያልፍ የቅባት፣ የፕሮቲንና የላክቶስ ኬሚካላዊ ትስስሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሞገድ ይውጣሉ። ወተት 87 በመቶ ገደማ ውሃ በመሆኑ ውሃው የሚሸፍናቸው የሞገድ ክልሎች ከስሌት ይወጣሉ። ከቀረው ላይ በሪግረሽን ቀመር ይሠራል።

ሲኔድ ማክፓርላንድና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት የሆልስታይን ላሞችን የሰውነት የኃይል ሁኔታ ከወተት ስፔክትረም መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ይህን እቀበላለሁ፤ ምክንያቱም ሥነ ሕይወቱ ግልጽ ነው። ከወለደች ጥቂት ሳምንታት የሆናት ላም የምትበላው የምትታለበውን አይሸፍንላትም። ስለዚህ የገላዋን ስብ ታቀልጣለች። ያ ስብ ባለ18 ካርቦን ቅባት አሲድ ሆኖ ወደ ግት ይገባል፤ ግቱ ራሱ የሚሠራቸው አጫጭር ቅባት አሲዶች ድርሻ ይቀንሳል፤ አሴቶንና ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ወደ ወተቱ ይወጣሉ። እነዚህ ሁሉ በስፔክትረሙ ላይ አሻራ አላቸው። ክርክሬ የሚጀምረው እነዚሁ ሰዎች በ2014 ከዚያ አልፈው ከኃይል ሁኔታ ወደ ኃይል ፍጆታና ወደ መኖ አጠቃቀም ብቃት ሲሻገሩ ነው። ጉድለትን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ የተበላውን መጠን ማንበብ ሌላ። አሥር ኪሎ በልታ አሥራ ሁለት የሚያስፈልጋት ላምና አሥራ ስምንት በልታ ሃያ የሚያስፈልጋት ላም ጉድለታቸው እኩል ነው።

ነጥቡን ለማየት አዲስ ሙከራ አያስፈልግም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2001 ባሳተመው የወተት ከብት የምግብ ፍላጎት መጽሐፍ ውስጥ ያለው ቀመር ይበቃል። የደረቅ መኖ ፍጆታ በኪሎ እንዲህ ይሰላል፦ 0.372 በወተቱ መጠን ተባዝቶ፣ 0.0968 ደግሞ በሰውነት ክብደት 0.75 ኃይል ተባዝቶ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሚወሰን ማስተካከያ ይባዛል። ወተቱ ጌይንስ በ1928 ባስቀመጠው መንገድ ወደ 4 በመቶ ቅባት የተመለሰ ነው። 550 ኪሎ የምትመዝን፣ በቀን 20 ኪሎ ባለ4 በመቶ ቅባት ወተት የምትሰጥ ላም እንውሰድ። ከወተቱ የሚመጣው ክፍል 7.4 ኪሎ፣ ከክብደቷ የሚመጣው 11 ኪሎ ነው። በአሥራ አምስተኛው ሳምንት ፍጆታዋ 17.9 ኪሎ ይሆናል። ያችው ላም በዚያው ወተትና በዚያው ክብደት በመጀመሪያው ሳምንት ብትሰላ 10.9 ኪሎ ብቻ ይመጣል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከማስተካከያው በፊት ካለው ድምር ስልሳ በመቶው የክብደት ድርሻ ነው፤ ክብደት ደግሞ በወተት ጠርሙስ ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ በሰባት ኪሎ የሚለያዩት ሁለቱ ግምቶች አንድ ዓይነት የወተት መጠን አላቸው። ስፔክትረሙ ይህን ልዩነት በከፊል ሊይዝ ይችላል፤ የሚይዘው ግን የገላ ስብ መቅለጡን ስላየ ነው። ከወለደች ስንት ሳምንት እንደሆናት ደግሞ ገበሬው ያለ መሣሪያ ይነግረናል።

ሼቲና ባልደረቦቿ በ2017 በዴንማርክ ላሞች ላይ ያገኙት ውጤት ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የደረቅ መኖ ፍጆታን ለመተንበይ አብዛኛውን ሥራ የሠሩት የወተት መጠንና የሰውነት ክብደት ናቸው፤ ስፔክትረሙ በእነዚያ ላይ ሲታከል የጨመረው ጥቂት ነው። ይህ ጥናት ቢጠቀስም ትርጉሙ እስከ መጨረሻው ሲሄድ አላየሁም። ስፔክትረሙ ብቻውን ሲቀርብ የሚያሳየው ትክክለኛነት በአብዛኛው ከወተት መጠን የተዋሰው ነው፤ ብዙ የምትታለብ ላም የወተቷ ይዘት ይለያልና።

ብቃትን በተመለከተ ችግሩ ይብሳል። ኮክና ባልደረቦቹ በ1963 ለሥጋ ከብት ያስተዋወቁት ቀሪ የመኖ ፍጆታ በወተት ላም ሲሰላ፣ ላሚቱ በትክክል ከበላችው ላይ፣ በወተቷና በክብደቷ መሠረት መብላት ከነበረባት ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ይህ ቀሪ በአሠራሩ ከወተት ኃይል ጋር ዝምድና እንዳይኖረው ተደርጎ የተሰላ ነው። ወተት ሊያስረዳው የሚችለው ሁሉ አስቀድሞ ከወጣለት ቁጥር ውስጥ ወተትን መልሶ መፈለግ አስቸጋሪ መንገድ ነው።

ከሁሉ የተዘነጋው ምስክር የመጣው ከጎረቤት ዘርፍ ነው። ዋንግና ቦቨንሁይስ በ2019 የወተት ስፔክትረም ላሞች የሚያወጡትን ሚቴን ይተነብይ እንደሆነ ሲፈትሹ የማረጋገጫውን መንገድ መረመሩ። መረጃው በዘፈቀደ ተከፋፍሎ ሲፈተን ቀመሩ ጥሩ ይመስላል፤ አንድ እርሻ በሙሉ ከስልጠናው ወጥቶ ሲፈተን ግን ትንበያው አሽቆለቆለ። ቀመሩ የተማረው የእርሻዎቹን ልዩነት እንጂ የላሞቹን አልነበረም። ሚቴን ከመኖ ፍጆታ ጋር የቅርብ ቁርኝት ስላለው ይህ ማስጠንቀቂያ የመኖ ትንበያንም ይመለከታል። በግጦሽ ላሞች ላይ ሌላ ችግር ይታከላል፦ ቀመሩ የሚማርበት "እውነተኛ" ፍጆታ ራሱ ብዙውን ጊዜ በሜይስ፣ ላምና ኮልግሮቭ የ1986 የአልኬን ዘዴ የተገመተ ነው። ግምት በግምት ላይ ይገነባል።

የነርቭ አውታር ስሌት ከተለመደው ሪግረሽን ይሻላል የሚለው የዶሬያና ባልደረቦቹ የ2018 ውጤት እንደ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። የተሻለ ስሌት በናሙናው ውስጥ የሌለውን ክብደት አይፈጥርም። ክብደትንም ከስፔክትረም መገመት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሚዛን ባለበት ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከርራል። 250 ኪሎ የምትመዝን፣ በቀን 2 ኪሎ የምትታለብ የሀገረሰብ ላም በዚያው የ2001 ቀመር ብትሰላ ከወተቱ የሚመጣው ክፍል 0.7 ኪሎ፣ ከክብደቷ የሚመጣው 6.1 ኪሎ ነው። ቀመሩ ለሆልስታይን የተሠራ ስለሆነ ቁጥሮቹን ለማሳያ ብቻ እወስዳቸዋለሁ፤ ይሁንና የወተቱ ድርሻ ወደ አሥር በመቶ ገደማ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ናሙናውም ራሱ ጎዶሎ ነው። ብዙዎቹ ላሞቻችን ጥጃ ካልጠባቸው ወተት አያወርዱም፤ በመጨረሻም ጥቂት ለጥጃው ይተውለታል። የአለባው መጨረሻ ወተት ደግሞ ከሁሉ ቅባታም ነው። ስለዚህ ወደ ቤተ ሙከራ የሚደርሰው ቅባቱ የጎደለ ወተት ነው።

መኖውም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። የአውሮፓ ቀመሮች የተማሩት በሳይሌጅና በተመጣጠነ መኖ ነው። የእኛ ላም ጭድ፣ ፉርሽካ፣ አተላና የኑግ ፋጉሎ ትበላለች። በፋጉሎ ውስጥ የቀረው የኑግ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው፤ ይህ በትልቁ ጨጓራ ተለውጦ ባለ18 ካርቦን ቅባት ሆኖ ወደ ወተት ይገባል። በውጭ መኖ የተማረ ቀመር ይህን ሲያይ ላሚቱ ስቧን እያቀለጠች ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። በደንብ የተመገበች ላም የተራበች ሆና ትመዘገባለች ማለት ነው። በእርግጥ ይህ ከቅባት አሲዶች አመጣጥ የተነሳ ግምት ነው፤ በፋጉሎ በሚመገቡ ዲቃላ ላሞች ላይ መኖ እየተመዘነ ቢፈተን ክርክሩ ይቋጫል።

እስከዚያው ድረስ የወተት ምዝገባ ቅጾቻችን ሦስት ዓምድ ቢጨመርባቸው ከማንኛውም ስፔክትሮሜትር የበለጠ ስለ መኖ ይነግሩናል፦ በሴንቲሜትር የተለካ የደረት ዙሪያ፣ ከወሊድ በኋላ ያለፉት ሳምንታት፣ ጥጃው ከአለባ በፊት ወይስ በኋላ እንደጠባ። የደረት ዙሪያን ወደ ኪሎ የሚለውጠው ሠንጠረዥ ለሀገረሰብና ለዲቃላ ላሞች ለየብቻ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ለፍሪዥያን ላሞች የተሠራውን ሠንጠረዥ ለሁለቱም መጠቀም እዚህ የተነቀፈውን ስህተት በሌላ መልክ መድገም ነው።