የጉድጓድ ጠራጊው መድኃኒት

የሰው ልጅ የሥራ ታሪክ ሲተረክ ክንድ ይወደሳል፤ ጫንቃ ይመሰገናል፤ የግንባር ላብም ይወሳል። ዓይን ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ብራና የጻፈ፣ ጥልፍ የጠለፈ፣ ወርቅ ያነጠረ፣ መጽሐፍ ያተመ ሁሉ ከእጁ እኩል ዓይኑን ሲያደክም መኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ዛሬ ከጧት እስከ ማታ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ዓይኑ ሲቆጠቁጠው፣ ፊደሉ ሲደበዝዝበት፣ ግንባሩን ሲወጋው ችግሩ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከኮምፒዩተር በብዙ ዘመን ይቀድማል፤ መድኃኒቱም እንዲሁ።

ታሪኩን ለመከተል ወደ ሰሜን ጣልያን፣ ወደ ሞዴና ከተማ እንሂድ። ዘመኑ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ 17ኛው ምእት ዓመት ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ነው። ሕዝብ በተጨናነቀባት በዚያች ከተማ የየቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ በየ3 ዓመቱ ይጠረግ ነበር። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ሐኪም በገዛ ቤቱ ጉድጓዱ ሲጠረግ ይመለከታል። ከሠራተኞቹ አንዱ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይጣደፋል። ሐኪሙ አዘነለትና ቀስ ብሎ ቢሠራ ድካሙ እንደሚቀልለት በመንገር ስለ ምን እንደሚቸኩል ጠየቀው። ሰውዬው ከጉድጓዱ ቀና ብሎ፣ በዚያ ሥፍራ ከ4 ሰዓታት በላይ መቆየት ከመታወር እንደማይለይ ነገረው። ከወጣ በኋላ ራማዚኒ ዓይኖቹን ቢመረምር ቀልተውና ፈዝዘው አገኛቸው። ምን መድኃኒት እንደሚጠቀም ሲጠይቀውም የሰውዬው መልስ አጭር ነበር፦ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ እስከ ማግስቱ ይቀመጣል፤ ዓይኑንም በየጊዜው ለብ ባለ ውኃ ያጥባል።

ራማዚኒ በዚህ ሥራ ያለፉ ሰዎች ዓይናቸው ደክሞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ በከተማይቱ ሲለምኑ ማየቱን ጽፏል። ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ ዓይንን እንደሚያቃጥል ዛሬ ይታወቃል፤ የኮምፒዩተር ሥራ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ጉዳት የለውም። ይሁንና በዚያ ንግግር ውስጥ ሐኪሙን ያስተማረው ሠራተኛው ነበር። የድካሙን ወሰን በሰዓት ለክቶ የሚያውቀው፣ የማረፊያውንም ዘዴ ያገኘው እርሱ ነው።

ከዚያች አጋጣሚ የተነሣው ሐሳብ አድጎ «የሠራተኞች በሽታዎች» የተሰኘ መጽሐፍ ሆነና በ1700 በሞዴና ታተመ። ራማዚኒ በዚህ መጽሐፉ፣ ሂፖክራጥስ ሐኪሞች በሽተኛውን እንዲጠይቁ ባዘዛቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር አሳሰበ፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሥራ ሕክምና አባት መባሉ በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዓት ሠሪዎችንና ሌሎችንም ጥቃቅን ሥራ የሚሠሩ ሙያተኞች ባነሣበት ክፍል፣ ቅርብ ቅርቡን ሲመለከቱ መዋላቸው የሩቁን አጥርቶ የማየት ኃይላቸውን እንደሚያዳክም አስተዋለ። ምክሩ መነጽር በመጠቀም ብቻ አላበቃም፤ አልፎ አልፎ ሥራውን አስቀምጠው፣ ከአቀረቀሩበት ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ልዩ ልዩ ነገር እንዲያሳርፉ መከራቸው። በ1713 በፓዱዋ በወጣው የሰፋ እትም ደግሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን ጨመረ። ፊደል ለቃሚዎች ቀኑን ሙሉ በጥቁር የብረት ፊደላት ላይ ሲያፈጡ ውለው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ የፊደላቱ ምስል ከዓይናቸው እንደማይጠፋ መዘገበ።

የፊደል ለቃሚው ድካም ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1921 በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ የስንት ጋዜጣና የስንት ልብ ወለድ ፊደል በሰው እጅና በሰው ዓይን ተለቅሟል። የላቲን ለቃሚ 26 ፊደላት በትልቅና በትንሽ መልክ ሲኖሩት፣ የእኛው ለቃሚ 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ ተባዝተው 231 ይሆኑበት ነበር፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው ከጎን የወጣች አንዲት አጭር ጭረት ናት፤ ያችን ጭረት የምትፈልገው ደግሞ ዓይን ናት። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር የፊደል ሥርዓት ሲገባ፣ ያው ጭረት በየስክሪኑ ላይ እንደ ልብ መታየት ጀመረች። አማርኛን በስክሪን የሚያነብ ሰው ጽሑፉን አጉልቶ ቢያነብ ይበጀዋል የምንለውም ስለዚህ ነው።

ሐኪሙ በልምድ ያየውን የኋላ ዘመን ሳይንስ በምክንያት አብራራው። ቅርብ ያለን ነገር ስናይ በዓይናችን ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ተኮማትሮ ሌንሱን ያጎብጠዋል፤ ወደ ሩቅ ስንመለከት ይላላል። ሰዓታት ሙሉ ሳይላላ የቆየ ጡንቻ፣ ሸክም ይዞ እንደቆመ ክንድ ይዝላል። ሁለተኛው ምክንያት እንባ ነው። በ1993 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሰው ሳይጨነቅ ሲቀመጥ በደቂቃ 22 ጊዜ ያህል ዓይኑን እንደሚያርገበግብ፣ መጽሐፍ ሲያነብ ወደ 10፣ ስክሪን ሲመለከት ደግሞ ወደ 7 እንደሚወርድ አሳየ። ያልተርገበገበ ዓይን እንባው ይተንናል፤ የሚቆጠቁጠን እርሱ ነው። በ1990ዎቹ አንድ አሜሪካዊ የዓይን ባለሙያ ምክሩን ለማስታወስ እንዲመች በቁጥር አሰረው፦ በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ ወይም 6 ሜትር ያህል ወደሚርቅ ነገር፣ ለ20 ሴኮንድ መመልከት። ቁጥሩ አዲስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ራማዚኒ ለሰዓት ሠሪዎች የሰጠው ምክር ነው።

እንግዲህ ምክሩ ከ300 ዓመታት በላይ ከታወቀ፣ ዓይናችን ለምን እስከ ዛሬ ይደክማል? መልሱን ከሕክምና መጻሕፍት ይልቅ ከሕግ ታሪክ እናገኘዋለን። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በግንቦት 1990 ባወጣው መመሪያ፣ የስክሪን ሥራ በየመሃሉ በዕረፍት ወይም በሌላ ዓይነት ሥራ እንዲቋረጥ፣ ሠራተኛውም ከኪሱ ሳይከፍል ዓይኑን የመመርመር መብት እንዲኖረው ደነገገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስክሪን ላይ የሚሠሩ ሰዎችን የሚጠብቅ የራሷን ደንብ አጸደቀች፤ በ1992 ግን ፍርድ ቤት ከተማይቱ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን የላትም ብሎ ሻረው። ከዚህ የምንረዳው፣ ለ20 ሴኮንድ በመስኮት መመልከት ዋጋ የሚተመንለትና ክርክር የሚነሣበት ጉዳይ መሆኑን ነው። የጽሑፉን ብዛት በገጽ እየተለካ የሚከፈለው ጸሐፊ፣ ቀና ባለ ቁጥር አለቃው የሚገላምጠው ሠራተኛ፣ ምክሩን ስለማያውቅ አይደለም ዓይኑን የማያሳርፈው። ፈቃዱ የለውም።

ፈቃድ በጠፋበት ደግሞ ገበያ ይገባል። ሰማያዊ ብርሃን ያጣራሉ የተባሉ መነጽሮች በየሀገሩ ተሸጠዋል። በ2023 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መመርመሪያ ድርጅት 17 ጥናቶችን አገናዝቦ፣ እነዚህ መነጽሮች ከተራ መነጽር በተለየ የስክሪን ድካምን ለአጭር ጊዜ እንኳ ይቀንሳሉ የሚያሰኝ ማስረጃ እንደማይታይ አስታወቀ። ገንዘብ የማይጠይቀው ዕረፍት ሻጭ የለውምና አስተዋዋቂም አላገኘም። ስክሪኑን ከዓይን ክንድ ያህል ማራቅ፣ ከዓይን ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ የመስኮት ብርሃን ከጎን እንዲመጣ ማስተካከል፣ ሆን ብሎ ማርገብገብ፣ በየጊዜው ቀና ብሎ ሩቅ ማየት፤ እነዚህ ሁሉ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ሕመሙ ከጸና ወይም እይታው ካልተመለሰ ግን የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ራማዚኒ በስተርጅናው የራሱ ዓይን እጅግ ደክሞ ነበር። የሌሎችን ድካም ሲመረምር፣ ሲያነብና ሲጽፍ የኖረው ሰው፣ በ1714 በፓዱዋ በ81 ዓመቱ አረፈ። ያን ጉድጓድ ጠራጊ ግን ታሪክ በስሙ አያውቀውም። በመጽሐፉ የቀረልን፣ 4 ሰዓት ይበቃኛል ብሎ ሥራውን በራሱ ወሰን የሠራ፣ ዓይኑንም ለማሳረፍ ማንንም ያላስፈቀደ ሰው ሆኖ ነው። ይህን ጽሑፍ እስከዚህ በስክሪን ያነበቡ አንባቢ፣ የእርሱን መድኃኒት ለመሞከር ጨለማ ክፍል አያስፈልግዎትም። በመስኮትዎ አሻግረው ከሚታየዎት ሁሉ ሩቁን ዛፍ ወይም ተራራ ይምረጡና፣ ሳይቸኩሉ ይመልከቱት።